ከሸዋ በር ወዲህ

ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ሰሞን ነው። ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ በየአልጋችን ሆነን የየአገራችንን ጉድ ስንጫወት፣ አንዱ የደብረ ማርቆስ ልጅ ከላይኛው አልጋ፣

«አንተ የሐረሩ! እስቲ በሐረሪኛ አንድ ነገር በለን» አለኝ።

ዝም አልኩ። ጨለማው በጀኝ እንጂ ላብ አጥምቆኝ ነበር። ሐረር ተወልጄ፣ ሐረር አድጌ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የዚያችን ከተማ ውሃ ጠጥቼ፣ ቋንቋዋን አልችልም። አማርኛው የእናቴ ነው። ገበያ የሚያስገዛ ኦሮምኛም አለኝ። ሐረሪኛ ግን ከሃያ ቃል አይበልጠኝም፤ ከሃያውም ግማሹ የምግብ ስም ነው።

ልጁ መልስ ሲያጣ ጊዜ ጥያቄውን ለወጠልኝ። «እሺ፣ ጅብስ አብልተሃል?»

«እንዴታ!» አልኩ በኩራት። ሁሉም ተነሥተው ቁጭ አሉ። ጅቡ እንዴት እንደሚቀርብ፣ ሥጋው በእንጨት ጫፍ ላይ እንዴት እንደሚንጠለጠል፣ ትንፋሹ ምን ምን እንደሚል እስከ እኩለ ሌሊት ሳወራ አመሸሁ። ኋላ ሁሉም እንቅልፍ ሲወስደው፣ እኔ ብቻዬን ስገላበጥ አንድ ነገር መጣብኝ። እኔ ከሐረር ጅብ ጋር ተዋውቄአለሁ። ከጀጎል ሰው ጋር ግን ገና አልተዋወቅኩም።

ይህ ጽሑፍ የዚያች ሌሊት ዕዳ ነው።

ሐረርን ላላያችሁ፦ ከተማዋ ሁለት ናት ማለት ይቻላል። አንደኛዋ ጀጎል ናት፤ አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባሠሩት የድንጋይ ግንብ የታጠረችው። ግንቡ ዙሪያውን ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። የታጠረው መሬት 48 ሄክታር ነው፤ ረጋ ብሎ የሚራመድ ሰው በአንድ ሰዓት ይዞረዋል። በዚህች ቁራሽ መሬት ላይ 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ ስፍራዎች ተቆጥረዋል። ሁለተኛዋ ከግንቡ ውጭ የተስፋፋችው ናት፤ ሰፊው አስፋልትና መሥሪያ ቤቱ ያለባት። የእኛ ቤት በዚህችኛዋ ነው፤ ከሸዋ በር ወዲህ።

እንግዲህ ከበሩ ስም እንጀምር። የጥንቶቹ በሮች አምስት ናቸው። እኛ ፈላና በር፣ ኤረር በር፣ ሰንጋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሸዋ በር እንላቸዋለን። የውስጥ ሰዎች ግን በየተራ አሱም በሪ፣ አርጎብ በሪ፣ ሱቁጣጥ በሪ፣ በድሮ በሪ፣ አስማዲን በሪ ነው የሚሏቸው። እኔ በየቀኑ የማልፍበት በር ሌላ ስም እንዳለው ያወቅሁት አሥረኛ ክፍል ደርሼ ነው። ሰዎቹንም ቢሆን እኛ ስንጠራቸው የኖርነው ሌሎች ባወጡላቸው ስም ነው። እነሱ ከተማቸውን «ጌይ» ይሏታል፤ ከተማ ማለት ነው። ራሳቸውን «ጌይ ኡሱእ» ይላሉ፤ የከተማው ሰው። ቋንቋቸውን «ጌይ ሲናን»፤ የከተማው ቋንቋ። በዓለም ላይ ሌላ ከተማ ያለ አይመስላቸውም እንዴ! እያልኩ ድሮ እስቅ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ለአንድ ቋንቋ አንድ ከተማ ብቻ ሲኖረው ሌላ ምን ብሎ ይጥራት?

ቁጥሩንም እዩልኝ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የሐረሪ ክልል ነዋሪ 183,415 ነበር። ከዚያ ውስጥ ሐረሪ የተባለው ከመቶ 9 አይሞላም፤ 16 ሺህ እንኳ አይደርስም። በጀጎል ውስጥም ቢሆን ኦሮሞው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ሶማሌው፣ አርጎባው አብሮ ይኖራል። ታዲያ ፈረስ መጋላ ቆማችሁ አንድ የሐረሪ ነጋዴ ተመልከቱ። ለገበሬዋ በኦሮምኛ፣ ለእኔ በአማርኛ፣ ከበርበራ መንገድ ለመጣው በሶማልኛ ይመልሳል፤ ቁርአኑን በአረብኛ ይቀራል፤ ቤቱ ገብቶ በሩን ሲዘጋ ብቻ የራሱን ይናገራል። ትንሽ ሕዝብ የጎረቤቱን ሁሉ ቋንቋ ይማራል። ትልቅ ሕዝብ አንዷን ይዞ ተንጋሎ ይተኛል። እኔ ከተንጋለሉት ወገን ነኝ።

አልተዋወቅኩም ማለቴ ደጁን አልረገጥኩም ማለቴ አይደለም። አምስተኛ ክፍል አብሮኝ የሚቀመጥ የሐረሪ ልጅ ነበር። ከትምህርት ቤት ስንወጣ የመኪና ግርግርን ጠባብ መንገድ፣ የልብስ ሰፊዎቹ መኪና ግራና ቀኝ እየተንጫጫ፣ በሩጫ እናቋርጥና እነሱ ቤት እንገባለን። ያሳደገችው አያቱ ናት። ቤተሰቡ ሁሉ «አይ» ይላታል፤ እኔም «አይ» አልኳት። ስሟ መስሎኝ ነው። በልጅ ልቤ፣ «ምን ዓይነት ስም ነው? ሰው እንዴት እንቢ ተብሎ ይጠራል?» እያልኩ እደነቅ ነበር።

ይቅርታ፣ «አንቱ» ያላልኳት ደፍሬ አይደለም። ሐረር ላይ አንቱታ ብዙም አይታወቅም፤ የገዛ አያቴንም «አንቺ» ነው የምላት። የመሀል አገር ሰው ይህን ሲሰማ ይሰቀጥጠዋል። እኛ ደግሞ «አንቱ» ሲሉን ያስቀየምናቸው ይመስለናል።

የአይ ቤት «ጌይ ጋር» ነው፤ የከተማው ቤት። ከውጭ ስታዩት ነጭ ወይም አረንጓዴ የተቀባ ግድግዳና አንድ በር እንጂ ሌላ የለውም። ሲገቡ ግን ቀይ ነው። ወለሉና መደቡ በቀይ አፈር ይለሰናል። መደቡ «ነደባ» ይባላል፤ አምስት ሲሆን እንደ ደረጃ ከፍና ዝቅ ያለ ነው፤ እያንዳንዱም ስምና ተቀማጭ አለው። በዕድሜ፣ በዕውቀትና በክብር ነው የሚቀመጡበት። ግድግዳው ላይ ባለ ቀለም ሰፌዶች፣ ሳህኖችና ጎድጓዳ ዕቃዎች ከላይ እስከ ታች ተሰቅለዋል። ከሰፌዶቹ መካከል ሙሽራ ለባሏ እናት የምታመጣው አለ፤ «ሐማት ሞት» ይባላል። ይህን ስም ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ። ከዋናው ክፍል ጎን «ክርታት» የምትባል ትንሽ ክፍል አለች፤ አዲስ ሙሽሮች የመጀመሪያ ቀኖቻቸውን የሚያሳልፉት እዚያ ነው።

የመጀመሪያ ቀን እንደገባሁ ከነጭቃ እግሬ ዘልዬ ከሁሉ ከፍ ያለው ላይ ወጣሁ። ጓደኛዬ ክው አለ። አይ ግን ከምድጃዋ ቀና ብላ አየችኝና፣

«አንተ! ዛሬ ደግሞ አሚር ሆንክ?» አለች።

ለካ የተቀመጥኩት አሚር ነደባ ላይ ኖሯል፤ የቤቱ ራስና የተከበረ ሽማግሌ የሚቀመጥበት። ሳቀች፤ አስወረደችኝ፤ እግሬን አስታጠበችኝና ሑልባት መረቅ ሰጠችኝ። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ተመላለስኩ። አንድም ቀን ግን ከጓደኛዬ ጋር የምትነጋገረው ምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። እኔ ስገባ ወደ አማርኛ ትዞራለች። የቤቱ ሰው ሁሉ ይዞራል። ለእኔ ብለው መሆኑን እንኳ አላስተዋልኩም። ዝናብ ሲዘንብ ጣራ ሥር የሚገባ ሰው ጣራውን ማን እንደሠራው ይጠይቃል?

አንድ ቀን የነደባውን ጠርዝ በጥፍሬ ስፍቅ አየችኝ። «ተው፣ ደም ነው» አለችኝ። ደነገጥኩ። ከዚያ ነገረችኝ። ቀዩ አፈር ጨለንቆ ላይ የወደቁትን ሰዎች ደም ማስታወሻ ነው ይባላል አለች። ጨለንቆ በትምህርት ቤት አንድ መስመር ናት፦ በ1879 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጦር አሚር አብዱላሂን ድል አደረገ፤ ሐረርም ነጻ ከተማነቷ አበቃ። ለፈተና በቃሌ ይዣታለሁ፤ መልሱን አግኝቻለሁ። እዚያ ቤት ውስጥ ግን ሰው ይቀመጥባታል፣ ይበላባታል፣ በየጊዜው በእጁ ይለስናታል።

ማታ ቤቴ ገብቼ አያቴን ጠየቅኋት።

«የእኛ ሰዎች ሐረር የመጡት መቼ ነው?»

«ከምኒልክ ጦር ጋር ነዋ። የእኔ አያት ከሸዋ ነው የመጣው።»

«ጨለንቆ ነበር?»

አያቴ ወንፊቷን አነሣችና ዱቄቱን መንፋት ጀመረች። ዱቄቱ አልቆ ባዶውን ስትነፋ አየኋት። ሁለተኛ አልጠየቅኋትም።

ከሸዋ በር ወዲህ የሚኖረው ልጅ ከየት እንደመጣ አይ ጠንቅቃ ታውቅ ነበር። ስሙ ከበሩ ላይ ተጽፏልኮ! አንድ ቀን አልጠየቀችኝም፤ አንድ ቀንም ሳልበላ አልሸኘችኝም። ይህን የማነሣው በድሮ ደም እንድንወቃቀስ አይደለም። እኔ ጨለንቆ አልነበርኩም፤ አይም አልነበረችም። ግን የአንድ ቤት ወለል ለምን ቀይ እንደሆነ ሳያውቁ ስድስት ዓመት እላዩ ላይ መብላት ምን ይባላል? እኔ እንጃ፤ ጉርብትና ብቻ አይባልም።

አሁን ወደ ዩኒቨርሲቲ ልመልሳችሁ። የሁለተኛ ዓመት የግእዝ ክፍል ነው። መምህሩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ «ሐማት» እና «ቀይሕ» ብሎ ጻፈ። አማርኛ እነዚህን «አማት» እና «ቀይ» አድርጓቸዋል፤ ከጉሮሮ የሚወጣውን የ«ሐ»ን ድምፅ ጥለነዋል፤ «ሀ»ና «ሐ» በእኛ አፍ አንድ ናቸው፤ ፊደሉ ብቻ ቀርቶናል አለ። ተማሪው ይጽፋል። እኔ ብዕሬ ቆመ። ሐማት ሞት! ቀሕ አፈር! አይ እነዚያን ቃላት ስትል ከጉሮሮዋ የምታወጣት ያች ሻካራ ትንፋሽ! እኛ ልጆች ተደብቀን እንስቅባት የነበረችው ትንፋሽ ናታ!

ለካ እኛ ፊደሉን ይዘን ቀረን፤ እነሱ ድምፁን ይዘው ቀሩ።

ሐረሪ ሴማዊ ቋንቋ ነው፤ የቅርብ ዘመዶቹ ስልጤኛና በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ያለው ዛይ ናቸው። በአረብኛ ፊደል ሲጻፍ የኖረ ነው፤ በግእዝ ፊደልም ይጻፋል። ይህን ሁሉ ያገኘሁት ከመጽሐፍ ነው። ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ሳገላብጥ ሌላም አገኘሁ። «አው» ማለት አባት፣ «አይ» ማለት እናት ነው። አው አባድር፣ አይ አቢዳ የሚባሉት አውልያ «አባታችን»፣ «እናታችን» መባላቸው ነው። መጽሐፉን ከደንኩት። ስድስት ዓመት ሙሉ ያችን ሴት «እናት» እያልኩ ስጠራት ኖሬአለሁ፤ እኔ ብቻ ሳላውቅ።

ይባስ ብሎ ሪቻርድ በርተንን አገኘሁ። በ1847 ዓ.ም. ገደማ ሐረር የገባው እንግሊዛዊ ነው። አሥር ቀን ተቀመጠ። ስለ ጉዞው በጻፈው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ የሐረሪን ሰዋስው መግለጫና የቃላት ዝርዝር አያይዞ አሳተመ። ቮልፍ ሌስላው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1963 ሙሉ የሐረሪ መዝገበ ቃላት አወጣ፤ ቃሉ ከየት እንደመጣ ጭምር የሚናገር። የባሕር ማዶ ሰው በአሥር ቀን የቃላት ዝርዝር ይዞ ይወጣል፤ እኔ በአሥራ ስምንት ዓመት ሃያ ቃል! በርተን ለከተማዋ ፍቅር ኖሮት ነው አልልም፤ ብዙ ክፉም ጽፎባታል። ቢሆንም ጠይቋል።

ባለፈው ክረምት ሐረር ስሄድ ሻንጣዬን አስቀምጬ በቀጥታ ወደ አይ ቤት ሄድኩ። ጓደኛዬ የለም፤ ከአሥረኛ ክፍል በኋላ አባቱ ጋ ቶሮንቶ ሄዷል። ሐረሪ የተበተነ ሕዝብ ነው። በ1940 ዓ.ም. በኩሉብ እንቅስቃሴ ሳቢያ ብዙዎች ታሥረው ንብረታቸው ሲወረስ ቤተሰብ እየነቀለ አዲስ አበባ ገባ። በ1967 ዓ.ም. የገጠሩ መሬትና ትርፍ ቤት ሲወረስ ደግሞ ከከተማው ዙሪያ ባለው እርሻና በቤት ኪራይ ይኖር የነበረው ሁሉ መተዳደሪያው ተነካ። በዚያ ዘመንና ከዚያም ወዲህ ብዙው ባሕር ተሻገረ።

አይ አርጅታለች። የወንድሟ ልጅ ልጅ፣ አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ፣ አብራት ትኖራለች። የአፎቻ ሴቶች መጥተው ተቀምጠው ነበር። አፎቻ እንደ እኛ ዕድር ያለ ማኅበር ነው፤ ልዩነቱ ለሐዘንም ለሠርግም እኩል መሆኑ ነው፤ የሴቱ ለብቻ፣ የወንዱ ለብቻ ይቆማል። ቁጢ ቀረበ፤ የቡና ቅጠል ተቆልቶ ተፈልቶ በወተት። እንደገባሁ ሁሉም ወደ አማርኛ ዞሩ። በዚህ ጊዜ ግን ሲዞሩ ሰማኋቸው።

ስልክ ጮኸ። ከቶሮንቶ ነው፤ እዚያ የተወለደች የልጅ ልጇ። አይ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ በሐረሪኛ ታወራለች፤ ከወዲያ የልጅቷ ድምፅ በእንግሊዝኛ ይመጣል። አይ እንግሊዝኛ አታውቅም። ቢሆንም ረጅም ጊዜ ተነጋገሩ። ስልኩ ሲዘጋ፣

«ትሰማኛለች» አለችኝ። «አትመልስልኝም እንጂ ትሰማኛለች።»

ቀና ብላ አየችኝ። ምንም አላለችም። የማየው ግን ቀዩን ወለል ነበር።

ዝምታውን ለመስበር ነው መሰለኝ የግእዝ ክፍሉን ነገር አወራኋት። ሐማት የሚለው ቃል እንዲህ ነው፤ ቀሕ የሚለው እንዲህ ነው፤ እናንተ የጥንቱን ድምፅ ጠብቃችኋል፤ በዩኒቨርሲቲ ተማርኩት አልኳት። አዳመጠችኝ፤ አዳመጠችኝና፣

«አቦ! ይህን ለማወቅ አዲስ አበባ ድረስ ሄድክ?» አለች።

የአፎቻ ሴቶች በሳቅ ፈረሱ። እኔም ሳቅኩ። ግን ከቤታችን እስከ አይ ቤት በእግር አሥር ደቂቃ ነው።

ጓደኞቼ፣ ለቅሶ ልደርስ አይደለም የመጣሁት። ቋንቋው አልሞተም፤ በክልሉ ከኦሮምኛ ጋር የሥራ ቋንቋ ነው፤ በትምህርት ቤትም ይሰጣል። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. ክረምት በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆና ተመዘገበች። ከረመዳን በኋላ ስድስቱ ቀን ጾም ሲፈታ የሚከበረው ሸዋል ዒድ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ወር ተመዘገበ። አብዱላሂ ሸሪፍ የተባሉ የከተማዋ ሰው የጥንት መጻሕፍትና ዕቃ በየቤቱ እየዞሩ ሰብስበው፣ ራስ ተፈሪ በኖሩበት ቤት ውስጥ ሙዚየም አቁመዋል። ይህ ሁሉ ደግ ነው፤ እልል ብያለሁ።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ቅርስ ተብሎ የተመዘገበ ነገር መታየት ይጀምራል። እንግዳው ይመጣል፤ ሰፌዱን ፎቶ ያነሣል፤ ማታ ጅቡን ያያል፤ ይሄዳል። እንግዳስ እንግዳ ነው። እኛ ከግንቡ ሥር የተወለድነውም እንደ እንግዳ አይተን ካለፍን ግን፣ አንድ ትንሽ ሕዝብ ለስንት ዘመን ብቻውን ወደ ሌላው ቋንቋ ሲዞር ይኖራል? ቶሮንቶ ያለችው ሕፃን ባትመልስ ምክንያት አላት፤ ባሕር አለ፣ ብርድ አለ፣ ትምህርት ቤቷ እንግሊዝኛ ነው። እኔ ምን ምክንያት አለኝ? አንድ በር ብቻ ነውኮ፤ እሱም ቀን ከሌት ክፍት ነው።

እናንተም የየመጣችሁበትን አገር አስቡ። በየከተማችን አጠገብ እኛን የሚሰማን፣ እኛ ግን የማንመልስለት ሰው አለ። ዝዋይ ዳር ያደገ ዛይኛ ያውቃል? ሸዋ ሮቢት ያደገ አርጎብኛ ያውቃል? አትቸኩሉ፣ መልሱን ለእኔ ሳይሆን ለራሳችሁ ስጡ።

የዚያን ዕለት ከመሄዴ በፊት ትንሿን ልጅ፣ «እስቲ መቁጠር አስተምሪኝ» አልኳት። ደስታዋ! አይ ፊት ቁጭ አድርጋ ጣቴን እየያዘች ታስቆጥረኝ ጀመር።

«አሐድ።»

«አሐድ።» ይህቺ ቀላል ናት፤ የግእዙ አሐዱ ናት።

«ኮኦት። ሺእሽቲ።»

«ኮኦት። ሺእሽቲ።»

«ሐረት።»

«አረት» አልኩ።

«አይደለም! ሐረት!»

«ሀረት።»

«ከዚህ ነው» አለችና ጉሮሮዋን በጣቷ አሳየችኝ። ሞከርኩ፤ አልወጣም አለ። ደግማ አስባለችኝ፤ እንደገና ደገመች። የአፎቻ ሴቶች አፋቸውን በሻሽ ይዘው ይስቃሉ፤ እኛ ልጆች በአይ ላይ እንደሳቅነው መሆኑ ነው። ብድሩን ከነወለዱ ተቀበልኩ። አይ ብቻ አልሳቀችም።

«ተዪው፣ ነገ ይመጣል» አለቻት፤ በአማርኛ። ቀጥላ ያንኑ በራሷ ቋንቋ ደገመችው፤ ቀስ ብላ፣ ወደ እኔ እያየች።

በማግስቱ ሄድኩ። በሠልስቱም ሄድኩ። ዕረፍቱ አልቆ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስመለስም ይኸው ማታ ማታ መብራት ሲጠፋ በለሆሳስ እለማመዳታለሁ፤ የደብረ ማርቆሱ ልጅ ጉንፋን የያዘኝ መስሎት ዝንጅብል ሰጥቶኛል። ያንን ጥያቄ ደግሞ ቢጠይቀኝ ግን ዝም አልልም። እስከ አራት እቆጥርለታለሁ። አራተኛዋ ገና አልጠራችም።